የአባቴ ግማሽ ጣት

በአባቴ ሙት ዓመት ድሬዳዋ ላይ፣ በእድራችን አዳራሽ የተናገርኩት ነው። ወንድሜ በስልኩ ቀድቶት ስለነበር ከዚያ ላይ ገለበጥኩት። እዚህም እዚያም ነካ ነካ አድርጌዋለሁ፤ እናቴ ያቋረጠችኝን ቦታ ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ? ተቀመጡ፣ ተቀመጡ። በሩ ጋ የቆማችሁ ወደ ውስጥ ግቡ እንጂ፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ። አባባ ቢኖር ይሄን ባዶ ወንበር አይቶ ዝም አይልም ነበር፤ "ይሄ ፉርጎ ለማን ነው የተያዘው?" ይላል።

ከመጀመሬ በፊት ከአዲስ አበባ ለመጡት ዘመዶቻችን አንድ ነገር ላስታውቅ። አባቴን "እሱ" እያልኩ ነው የማወራው። ንቀት እንዳይመስላችሁ። ድሬ "አንቱ" የሚባል ነገር እምብዛም አታውቅም፤ ትልቁም ትንሹም አንተ ነው፣ አቦ ነው። እኔ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ተምሬ የተመለስኩ ቀን፣ የተማርኩ ለመምሰል "አባባ፣ እንዴት ከረሙ?" ብለው ዞር ብሎ ከኋላው ሰው ፈለገ። "ማን መጣ?" አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልደገምኩትም።

አምና ለቅሶው ላይ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ የሰማሁት ሁለት ነገር ነው። ከባቡሩ ወርክሾፕ የመጡት ሸሚኖዎች፣ የባቡር ሠራተኞቹ፣ "እንደሱ ያለ ሠራተኛ አላየንም፤ ሥራ ላይ ቃል አይወጣውም" ይላሉ። የለገሃሬ ጎረቤት ደግሞ፣ የሰፈሩ፣ የገበያው ሰው፣ "እንደሱ ያለ ተጫዋች ከየት ይመጣል፤ አፉ መች ይዘጋ ነበር!" ይላል። እኔ መሀል ቁጭ ብዬ፣ ሁለት ሰው ነው እንዴ የቀበርነው አልኩ። ነገሩ ያን ቀን የመጣብኝ አይደለም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ግር ይለኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማታ አንድ ሰው ፈታልኝ። እዚያ እንደርሳለን፤ የድሮው ባቡር ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው።

ከጣቱ ልጀምር። አብዛኛችሁ ታውቃላችሁ፣ የአባባ የግራ እጁ ሌባ ጣት ከመሀሉ አንጓ በላይ የለም። በምን እንደተቆረጠ አምስታችንም ልጆቹ እናውቃለን። ችግሩ፣ አምስታችን የምናውቀው አምስት ዓይነት ነው። ለታላቅ ወንድሜ፣ ሐረር ሄዶ ጅብ ሲያበላ ጅቡ ሥጋውን ጨርሶ "ምራቂስ?" ብሎ ወሰደው ብሎታል። ለትንሿ እህቴ፣ ጅቡቲ ወደብ ረስቶት መጥቶ ነው፤ ቢያስጠራው ሙቀቱ ተስማምቶኛል አልመለስም ብሎ ቀረ። ለእኔ ደግሞ፣ "ስሙ ራሱ ሌባ ጣት አይደል? ሰርቆ ተይዞ ታሰረ። ሲፈታ ይመጣል።" እኔም አምኜ ጠበቅሁ። ወላሂ ጠበቅሁ። አንድ ጊዜ በሬዲዮ ለበዓሉ እስረኞች በምሕረት ተፈቱ ሲባል ሰምቼ፣ አባባ ማታ ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ ያየሁት ፊቱን ሳይሆን እጁን ነበር።

የሰፈሩን ልጆች ደግሞ በዚያችው ጣት ያሳብዳቸዋል። ጉማጁን አፍንጫው ቀዳዳ ላይ ይደግፍና ሙሉው ጣት እስከ አንጎሉ የገባ ያስመስላል፤ ዓይኑን ያጉረጠርጣል፤ "ደረሰች! ነካኋት!" ይላል። ልጆቹ ጮኸው ይበተናሉ፤ ማዕዘኑ ጋ ደርሰው ይመለሳሉ፤ "ድገመው!"

ቤት ውስጥ ልጅ አልበላም ካለ ለአባባ ነው የሚሰጠው። አባባ እግሩን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ ሽርጡን ያስተካክላል፣ አንድ ጉርሻ ይጠቀልላል፣ ከዚያ በአፉ ፊሽካ ይነፋል። ባቡሩ ከድሬዳዋ ተነሣ ማለት ነው። የመጀመሪያው ጉርሻ "ሁርሶ!" ይባላል። ቀጥሎ "ኤረር!"፣ ቀጥሎ "ጎታ!"፣ "አፍደም!" ልጁ አፉን ከዘጋ፣ "ሐዲዱ ላይ ግመል ተኝቷል፣ አስነሡልኝ!" ብሎ ሆዱን ይኮረኩረዋል። አፉ ሲከፈት ባቡሩ ያልፋል። "ሚኤሶ! አሰቦት!" አዋሽ ላይ እረፍት ነው፤ ባቡሩ እውነትም አዋሽ ቆሞ መንገደኛው ምሳ ስለሚበላ፣ እኛም ውኃ ይሰጠናል፣ አፋችንን እንጠርጋለን። ከአዋሽ በኋላ መተሐራ፣ ወለንጪቲ፣ ናዝሬት እያለ ለገሃር ድረስ ሰሐኑ ያልቃል። ጣፋጭ ሲሆን መስመሩ ወደ ወዲያ ይዞራል፤ ሐላዋና ቴምር የሚበላው በሽንሌ፣ በአዲጋላ፣ በአይሻ፣ በደወሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ነው። እኔ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ከመማሬ በፊት መስመሩን በሙሉ በሆዴ አውቀው ነበር። አስተማሪዬ "ከሚኤሶ ቀጥሎ ማን ይመጣል?" ስትለኝ አፌን ከፍቼ ሳይሆን አይቀርም የመለስኩት።

የከተማችንንም ታሪክ ያስተማረን እንደዚሁ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሐረር ሊወጣ ነበር፤ ተራራው እምቢ ስላለ ቆላው ላይ ቀረ፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ቦታውን "አዲስ ሐረር" አሉት። አዲስ አበባ ለመግባት ደግሞ እስከ 1909 ዓ.ም. ፈጀበት። ይሄ መጽሐፉ የሚለው ነው። አባባ ሲያሳጥረው፣ "ባቡሩ ዳገቱን አየና ደከመው፤ ቁጭ አለ። እኛ ባቡር ሲያርፍ የተወለድን ነን፤ ለዚህ ነው ከሰዓት በኋላ የምንተኛው" ይላል።

እሱ ግን አይተኛም ነበር። አሁን ወደዚያኛው አባቴ ልውሰዳችሁ።

አባባ በ1953 ዓ.ም. በ17 ዓመቱ ወርክሾፑ ገባ፤ 38 ዓመት ቶርኖ ላይ ቆሞ በ1991 ዓ.ም. ጡረታ ወጣ። ቶርኖ የማታውቁ ወጣቶች ካላችሁ፣ ብረት የሚሽከረከርበትና በስለት የሚላጭበት ማሽን ነው። መለዋወጫ ከፈረንሳይ እስኪመጣ ባቡሩ ቆሞ አይጠብቅም። የተበላው ፒን፣ ያለቀው ብሎን፣ የተሰነጠቀው ቁራጭ ሁሉ እዚሁ ድሬ ይሠራል። ከባዱ እዚያው ይቀለጣል፣ ቶርኖ ላይ ይወጣል፣ ይላጫል፣ ይለካል፣ እንደገና ይላጫል። የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነበር፤ አባባ ፈረንሳይኛውን ተምሮ ሳይሆን ተሰድቦ ነው ያወቀው። ራሱ ነው እንዲህ የሚለው።

ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላኝ አይቀርም፣ እማዬ ምሳ ዕቃውን አስይዛ ወርክሾፕ ላከችኝ። ዘበኛው ያውቀኛል፣ አስገባኝ። ከውጭ ያለው ጸሐይ ዓይን ያሳውራል፤ ውስጡ ጨለም ብሎ የጋለ ዘይት ይሸታል። አባባን ፈልጌ አገኘሁት። ጎንበስ ብሎ ቆሟል። ከስለቱ ሥር ብረቱ እንደ ብርቱካን ልጣጭ እየተጠቀለለ ይወርዳል፤ ሲወርድ ሰማያዊ ነው፣ ይጨሳል። "አባባ" አልኩ። ዝም። "አባባ!" ዝም። ዓይኑ ከዚያች ስለት ንቅንቅ አላለም። ፊቱን አላውቀው አልኩ። ማታ ማታ ግመል አስነሡልኝ የሚለው ሰውዬ አይደለም፤ ሌላ የተቆጣ ሰው ነው። ምሳ ዕቃውን መሬት አስቀምጬ ለመሮጥ ሳስብ ማሽኑን አጠፋ። ካጠፋም በኋላ አልዞረም። መሽከርከሩ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለ ፈጽሞ እስኪቆም ጠበቀ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ጣት በጣት፣ ግማሿንም ጭምር። ከዚያ ዞረ፣ ፊቱም አብሮ ዞረ። "አንቺ ቆንጆ፣ ትኬት ይዘሻል ወይስ በነፃ ነው የተሳፈርሽው?" አለኝ።

እኔ አኩርፌ ነበር፤ አልሳቅኩም። ማታም አልበላም ብዬ ሁርሶን እንኳ ሳላልፍ ተኛሁ።

ሥራው ወርክሾፕ ብቻ አልነበረም። በረሃ ላይ ፉርጎ ከሐዲድ ሲወጣ ሌሊት በራችን ይንኳኳል። አባባ ቱታውን ለብሶ ኮዳውን ይዞ ከማንሻው ባቡር ጋር ይሄዳል። ሁለት ቀን፣ አንዳንዴ አራት ቀን። በሐምሌ አይሻ ላይ ብረት መንካት ምን እንደሆነ እዚህ ያላችሁ ሸሚኖዎች ታውቃላችሁ። ሲመለስ ፊቱ በላብ ጨው ነጭ ሆኖ፣ ኪሱ ግን የጅቡቲ ብስኩት ይዞ ነው። እኛ የምናስታውሰው ብስኩቱን ነው። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ወዲያው አይገባም፤ ከግቢው በር ሥር ድንጋዩ ላይ ይቀመጥና...

(እማዬ ከተቀመጠችበት፦ "እግሩን ውኃ ውስጥ ይነክራል። ልጆቹን ያዢልኝ ይለኛል። ፊቱ እስኪመለስ።")

አዎ። ፊቱ እስኪመለስ። እኔ ይሄን አላውቅም ነበር፤ አሁን ነው ያወቅሁት። እማዬ፣ 56 ዓመቴ ነው እኮ፣ ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ምን ነበር?

እማዬ ካነሣችው አይቀር የእሷንም እሮሮ ልናገርላት፤ የአባባ ጨዋታ ነፃ አልነበረም፣ ሒሳቡን የምትከፍለው እሷ ናት። ባቡር ዘግይቶ ወይ ቀርቶ መንገደኛ ሜዳ ላይ ሲያድር አባባ አያስችለውም። ከሥራ ሲወጣ ጣቢያው ጋ ያልፍና "እናንተ ማደሪያ የላችሁም?" ይላል። አንድ ማታ ዘጠኝ የማናውቃቸው ሰዎች ይዞ ገባ።

("አሥራ አንድ ነበሩ። አንዷ ነፍሰ ጡር ናት።")

አሥራ አንድ። እማዬ ለሰባት ሰው የሠራችው ሽሮ ላይ ውኃ ስትጨምርበት፣ ስትጨምርበት፣ አባባ ሳሎን ሆኖ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ አዙሮ በሶማልኛ እየጨረሰ እንግዶቹን ያስቃል። እንግዶቹ በሳቅ ይሞታሉ፣ እማዬ በንዴት። በማግሥቱ ለሁለት ቀን አላናገረችውም። እሱ ግን የኩርፊያዋን ቀን እንደ ጣቢያ እየቆጠረ "ዛሬ አፍደም ደርሰናል፣ አዋሽ ላይ ታናግሪኛለሽ" ይላት ነበር። በእኔ ሚዛን በዚያ ነገር ጥፋተኛው እሱ ነው። ተጫዋች ባል ለጎረቤት ነው የሚጥመው።

ለሰፈር ልጅ የሠራውን አንዱን ብቻ ላንሣና ልለፍ፤ ሁሉን ካልኩ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ከተሰበረ ኩሽኔታ የሚወጡት ክብ ብረቶች የለገሃሬ ልጆች ብይ ነበሩ። ሌላው ሰፈር በጠርሙስ ብይ ሲጫወት እኛ በብረት እናደቅቀው ነበር። ለወንድሜ ደግሞ ከእንጨትና ከአራት ኩሽኔታ መኪና ሠራለት። ሌላውም አባት ይሠራል፤ የአባባዋ ግን ፍሬን አላት። እውነተኛ፣ በእግር የሚረገጥ ፍሬን። ወንድሜ ሲነዳት ፍሬኗን ካልፈተሸ አይነሣም፤ አባባ ቆሞ ያየዋል፤ እዚያች ላይ አይስቅም። ቀሪው ሁሉ ሳቅ ነው፣ እዚያች ላይ አይስቅም። ያኔ ልብ አላልኩትም።

በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ድሬ ጫፍ ሲደርስ ስምንት ዓመቴ ነበር። ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ለወራት ተቆረጠ። መድፉ ሲጀምር ሁላችንም አልጋ ሥር ገባን። አባባም ገባ፤ ትልቅ ሰው ስለሆነ እግሩ ውጭ ቀረ። "ሦስተኛ ማዕረግ እንደዚህ ነው፣ እግር ከትኬቱ ውጭ ነው" አለ። ወንድሜ ሳቀ። እማዬ "ዝም በል!" አለችው። እኔ የማስታውሰው የመድፉን ድምፅ ሳይሆን በጨለማው ውስጥ የእማዬ ሆድ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ጀርባዬ ላይ የተሰማኝን ነው።

ያልሳቀበት ጊዜ አለ። በጥር 1977 ዓ.ም. ባቡሩ አዋሽ አጠገብ ከሐዲድ ወጥቶ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። ከድሬ የተነሣ ባቡር ነው፤ በዚህ ከተማ ያልነካው ቤት ጥቂት ነው፣ እዚህም አዳራሽ ውስጥ የነካው ሰው አለ። አባባ ከማንሻው ባቡር ጋር ሄደ። ሲመለስ ብስኩት አልነበረም። ስለዚያ ሳምንት እስኪሞት ድረስ አንድ ቃል አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅነውም።

ያኔ ትንሿ እህቴ አራት ዓመቷ ነው፣ አትበላም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እማዬ ሰሐኑን ሰጠችው። ፊሽካውን ነፋ። ሁርሶ፣ ኤረር፣ ጎታ፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አሰቦት አለና ጉርሻ ጠቅልሎ "መተሐራ" አለ። ልጅቷ መስመሩን በቃሏ ታውቀዋለች። "አዋሽስ?" አለችው። "አዋሽ ዛሬ አይቆምም" አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን አዋሽ ቆሞ አያውቅም። የእኔም ልጆች ያደጉት አዋሽን ሳያውቁ ነው፤ ውኃ የሚጠጡት አሰቦት ላይ ነው።

ጡረታ ወጥቶ ቤት ይቀመጣል ብላችሁ እንዳታስቡ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ሰው ሲወስድ 62 ዓመቱ ነበር። ጎርፉ ያጣመመውን የቆርቆሮ በር ሁሉ ሲያቃና ከረመ። ገንዘብ ሲሰጡት "በሩ ራሱ ከፍሎኛል፤ ተከፍቶልኛል" ይላል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆመ። አባባ ግን በየማለዳው ተላጭቶ፣ ሸሚዙን አስገብቶ ጣቢያው ጋ ይሄዳል። እዚያ ዛፍ ሥር እነዚህ ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡት ጓደኞቹ አሉ። ምንም ለማይመጣ ባቡር ሰዓታቸውን እያዩ "ዛሬም ዘገየ" ይባባላሉ። ሰው ይስቅባቸው ነበር፤ እነሱም የሚፈልጉት ይሄን ነው።

ውርርዱ የተገባው እዚያ ዛፍ ሥር ነው። አዲስ ባቡር ሊሠራ ነው ሲባል አባባ፣ "እኔ በሕይወት እያለሁ አይመጣም" አለ። ጓደኛው "ይመጣል" አለ። ሁለት ኪሎ ሙሸበክ፣ ያን በዘይት የሚጠበስ ጣፋጭ፣ ተወራረዱ፣ ሰው ቆረጠ። ምስክሮቹ እዚሁ አሉ።

ባቡሩ መጣ፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፣ መንገደኛ በደንብ መጫን ሲጀምር በዓመቱ አባባን ይዤው ተሳፈርኩ። ጣቢያው ከከተማ ውጭ ነው፤ ገና ሲያየው "ይሄን ሁሉ መንገድ በመኪና ከመጣን ባቡሩ ምን ያደርግልናል?" አለ። ከሠራተኞቹ አንዱ ቻይናዊ ነበር። አባባ 38 ዓመት ያጠራቀመውን ፈረንሳይኛ አወጣበት፦ "ቦንዡር ሞንሲዬር፣ ኮማን ታሌ ቩ?" ልጁ ፈገግ ብሎ "ሰላም ነው፣ አባባ" አለው። በአማርኛ! አባባ ወደ እኔ ዞሮ "ይሄ ፈረንሳይኛ አልገባውም፤ ገና አዲስ ነው" አለኝ።

መቀመጫው ተመቸው፣ አልወደደውም። "አይወዘውዝም። ባቡር ካልወዘወዘ እንዴት መሄድህን ታውቃለህ?" አለ። ጭስ የለው፣ ሽታ የለው፣ ግመል ሲያይ አይጮኽ። እጁን ግን ከመስኮቱ በታች ብረቱ ላይ አድርጎ፣ በዚያች ግማሽ ጣት፣ የሆነ ነገር ያዳምጥ ነበር። ሐኪም የልብ ትርታ እንደሚያዳምጠው። አብረውን ለተቀመጡት ልጆች ባቡሩ የማይቆምባቸውን የድሮ ጣቢያዎች በሩቁ እያሳየ ይጠራላቸዋል። የሳቅ ብዛት አጃቢ መጥቶ አየን። አሰቦት ካለፈ በኋላ ዝም አለ። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። የእኔ ልጅ "አባባ፣ ይሄስ የት ነው?" አለው። "አዋሽ ነው" አለው። ከ1977 ዓ.ም. ወዲህ ከአፉ ሲወጣ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። መተሐራ ስንደርስ ኮፍያውን አደረገና ብርቱካን ላጠ።

ውርርዱን ግን አልከፈለም። ሲመለስ ጓደኛው ዛፉ ሥር እጁን ዘርግቶ ጠበቀው። "ይሄ ባቡር አይደለም፤ ሐዲድ ላይ የተቀመጠ ሆቴል ነው። ባቡር ሲመጣ እከፍላለሁ" አለው። እንደተከራከሩ አምና አባባ በ80 ዓመቱ ሞተ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ቀን ማታ እንመለስ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሳስቷል። ይሄው የውርርዱ ጓደኛ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ስለ ጣቱ ምን እንደምናውቅ ጠየቀኝ። ጅቡን፣ ጅቡቲን፣ እስር ቤቱን ነገርኩት። ስቆ ስቆ ዓይኑን ጠረገና እውነቱን ነገረኝ።

1956 ዓ.ም. ነው። አባባ 20 ዓመቱ ነው፣ ሥራ ከገባ ሦስት ዓመቱ። ያኔ ማሽን ላይ ሆኖም ያወራ ነበር፤ ወርክሾፑን በሙሉ የሚያስቀው እሱ ነው። አንድ ቀን ቶርኖው እየዞረ ወደዚህ ወዳጁ አንገቱን አዙሮ አንድ ቀልድ ጀመረ። አንድ ሰው ግመሉን እየጎተተ ጣቢያ ይመጣና ትኬት ቆራጩን "ለእኔ ሙሉ፣ ለግመሉ ግማሽ ትኬት ስጠኝ" ይለዋል። ትኬት ቆራጩ "ግመል በምን ሒሳብ ነው በግማሽ የሚሄደው?" ይለዋል። ሰውዬውም... እዚህ ላይ አባባ ራሱ ሳቁ ቀደመው። እጁ አመለጠው።

ጥፋቱ የማንም አልነበረም፤ የራሱ ነው፣ የቀልዱ ነው። ከሐኪም ቤት ሲመለስ ለጓደኛው፣ "ሁለተኛ ማሽን እየዞረ አላወራም፤ አንተም እንዳታናግረኝ" አለው። 35 ዓመት በዚህ ቃል ቆመ። ማሽን እስኪቆም ዝም፤ ማሽን ከቆመ ደግሞ እናንተ ታውቁታላችሁ። እኔ በዘጠኝ ዓመቴ ያየሁት ያ የተቆጣ ሰው የተቆጣ አልነበረም። ቀልዱን ይዞ መሽከርከሩ እስኪያልቅ እየጠበቀ ነበር።

"ታዲያ መጨረሻውስ?" አልኩት። "የቀልዱ?"

"አልነገረንም" አለኝ። "ስድሳ ዓመት ለመንነው። 'ያ ቀልድ ውድ ነው፣ ለእናንተ አይሸጥም' ይላል። ባለ ግመሉ ሰውዬ ምን ብሎ እንደመለሰ ወርክሾፑ በሙሉ ሳያውቅ ጡረታ ወጣ፤ ግማሹም ሳያውቅ ሞተ።"

እንግዲህ ይሄ ነው። ሻዩ መጥቷል፣ ልጆቹ ማደል ይጀምሩ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ዕዳ አለብን። እዚህ ካርቶን ውስጥ ሁለት ኪሎ ሙሸበክ አለ፤ ዛሬ ጠዋት የተጠበሰ ነው። ሁለተኛው ረድፍ፣ ተነሥና ና። አባባ ተሸንፏል፤ ኤሌክትሪክም ይሁን ሆቴል፣ ባቡሩ በሕይወቱ መጥቷል። ና ውሰድ፣ ለምስክሮቹም አካፍል።

("ቆይ፣ አትስጪው።")

እማዬ?

("መጨረሻውን እኔ አውቀዋለሁ። የሰርጋችን ማታ ነግሮኛል።")

እንዴ! ንገሪን እንጂ!

("መጀመሪያ እሱ ሙሸበኩን ለኔ ያስረክብ። ከዚያ እናያለን።")